«ሽጉጥ ክልክል ነው» ብዬ ብለጥፍ ደንበኞቼ ቀሩ፤ ላንሳው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዎች በመጠጥ ተጣሉና አንደኛው ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ወገቡ ላይ ያለውን ሽጉጥ አሳየ። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ለሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ዕለት ሽጉጥ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበትን ተለጣፊ ገዝቼ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ምሳ ሲበሉ የነበሩ ደንበኞቼ መቅረት ጀመሩ። አንደኛው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በር ላይ ቆሞ ‹እኔን ካላመንሽ ገንዘቤም ይቅርብሽ› ብሎኝ ሄደ። ሌሎቹ ምንም ሳይሉ ጠፉ። ተለጣፊውን ላንሳው? ሕጉ ምን ይላል? መታጠቅ የሕገ መንግሥት መብት ስለሆነ መከልከል አትችይም የሚሉኝስ እውነታቸውን ነው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ማንም ሳይጎዳ አለፈ። እንደዚያ ያለ ምሽት ከልብ ቶሎ አይወጣም። ሰኞ ዕለት ተለጣፊ ፍለጋ መሄድሽ ምንም አይገርመኝም።

እኔ ቴክሳስ ውስጥ የሽጉጥ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች ትምህርት እሰጣለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ብዙ ሐበሻ አለ። ነዳጅ ማደያ የሚሠራው፣ የመጠጥ መደብር ያለው፣ ሌሊት ሌሊት የሚነዳው ሁሉ ይመጣል። እኔም ራሴ እታጠቃለሁ። ስለዚህ ከቀሩብሽ ደንበኞች አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር፤ ይህን አውቀሽ አንብቢኝ። ጠበቃ ግን አይደለሁም። የመጨረሻውን ሰሌዳ ከመስቀልሽ በፊት ለአንድ ጠበቃ ብታሳዪው ጥሩ ነው። የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ነገሩ። በርሽ ላይ ያለው ተለጣፊ ፈቃድ ያለውን ሰው በሕግ አያስገድደውም። አዎ፣ የሽጉጥ ሥዕል ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። የቴክሳስ ሕግ ግን በሥዕል አይረካም። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ቃል በቃል አስቀምጦታል። በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም መጻፍ አለበት። ፊደሉ ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ይኑረው ይላል። ቀለሙ ከጀርባው ጎልቶ መታየት አለበት። ለሕዝብ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት።

ቁጥሮቹን ልንገርሽ፤ በየቦታው ስለሚጠሩ ማወቁ ይጠቅምሻል። ሁሉም ከቴክሳስ የወንጀል ሕግ የመጡ አንቀጾች ናቸው። 30.06 ፈቃድ ኖሮት ሽጉጡን በልብስ ሥር ሸፍኖ የሚገባውን ሰው የሚመለከት ነው። 30.07 ፈቃድ ኖሮት ሽጉጡን በግልጽ እያሳየ የሚገባውን ይመለከታል፤ ይህኛው በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ መለጠፍ አለበት። 30.05 ደግሞ ፈቃድ ሳይኖረው የሚታጠቀውን ነው። ይህ የመጨረሻው በሽጉጥ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሰሌዳ የሆነው ከመስከረም 1 ቀን 2021 በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ፣ ሌላ ክልከላ የሌለበት ሰው ቴክሳስ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። ሦስቱንም ልስቀል ብትዪ፣ በሁለት ቋንቋ፣ በ1 ኢንች ፊደል፣ የበርሽ መስታወት አይበቃም። ለዚህ ነው ብዙ ቤቶች አንዱን ወይም ሁለቱን መርጠው የሚለጥፉት።

ትክክለኛውን ሰሌዳ አይቶ የሚገባ ሰው እስከ 200 ዶላር ይቀጣል። አንቺ ወይም ሠራተኛሽ «እባክዎ ይውጡ» ብላችሁት እምቢ ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 4,000 ዶላር ቅጣት ያለበት ወንጀል ይሆናል። ስለዚህ ከየትኛውም ሰሌዳ የበለጠ ጉልበት ያለው አፍሽ ነው። በቃል መናገር ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ብዙ ባለቤቶች አያውቁም።

እስቲ አሁን ሾፌሩን ደንበኛሽን አስቢው። ፈቃድ ካለው፣ ተለጣፊሽን አይቶ ሸሚዙን ወደ ታች ጎተት አድርጎ ገብቶ ክትፎውን መብላት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም፤ ሕጉም አይነካውም። እሱ ግን አልገባም። ቤትሽን አክብሮ፣ ፊት ለፊት ተናግሮሽ ሄደ። ከእጅሽ የወጣው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ቅዳሜ ማታ ሽጉጡን ያሳየው ሰውዬስ? እሱን ለመከልከል ሰሌዳ አያስፈልግሽም ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ሰውን ለማስደንገጥ ብሎ በሕዝብ ቦታ መሣሪያ ማሳየት ራሱ ወንጀል ነው። ሰክሮ ሽጉጥ መታጠቅም ወንጀል ነው። ፈቃድ ኖረው አልኖረው፣ በር ላይ ተለጠፈ አልተለጠፈ፣ ለውጥ የለውም። ያን ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ 911 መደወል። ፖሊስ ሲመጣ «ይህ ሰው ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይገባ እፈልጋለሁ» ትያለሽ። ፖሊሱ ያስጠነቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ባዶ እጁን ቢሆንም ይያዛል። ካልደወልሽም አሁንም አልረፈደም። ማን እንደሆነ ካወቅሽው፣ በጠበቃ ደብዳቤ «እንዳትመጣብኝ» ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ያስቸገረሽ አንድ ሰው ነው። ተለጣፊው የደረሰው ግን ለሁሉም ነው። ከሁሉም መካከል ደግሞ የታዘዙልሽ ድሮውንም ያላስቸገሩሽ ናቸው።

ለምን ይቀራሉ የሚለውን በደንብ ላስረዳሽ። ብዙ ባለቤቶች ኩርፊያ ይመስላቸዋል። የሚኮርፍ የለም አልልም። ከኩርፊያ ሌላ ግን ከቤት ውስጥ የማይታይ ምክንያት አለ።

ከመኪናው ውስጥ ሆነሽ እዪው። ሰውዬው ፓርኪንግ ደርሶ ሞተር አጠፋ። በሩ ላይ ያለውን ምልክት አየ። ሽጉጡ ሱሪው ውስጥ፣ በቀኝ ዳሌው በኩል፣ ማህደሩ ውስጥ ነው። ጥይት ጎርሷል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀበቶውን ይፈታል። መሪው ሆዱን እየገፋው ሽጉጡን ከነማህደሩ ያወጣል። አጠገቡ በቆመው መኪና ውስጥ እናት ልጇን ቀበቶ እየፈታችላት ነው። ቀና ብላ ብታይ ትደነግጣለች። ወንበሩ ሥር በሽቦ ገመድ የታሰረች ትንሽ የብረት ሣጥን ካለችው እዚያ ይቆልፍበታል። ከሌለችው ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ምሳውን በልቶ ሲመለስ ይህንኑ ሁሉ በተቃራኒው ይደግማል።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ሽጉጥ ጥሩ ማህደር ውስጥ ተቀምጦ በራሱ አይተኩስም። አደጋ የሚመጣው እጅ ሲነካው ነው፤ ሲወጣ፣ ሲገባ፣ ቃታው ላይ የሸሚዝ ጫፍ ሲጠላለፍ። ይህን የሰማ ተማሪዬ በቀን አራት ጊዜ ፓርኪንግ ውስጥ ሽጉጥ ማውጣትና ማስገባት አይፈልግም። ቀላሉ መንገድ ምልክት የሌለበት ቤት መሄድ ነው።

ሌላው ስርቆት ነው። ይህ በኔ ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ትክክለኛውን የ30.06 ሰሌዳ አየሁ። እንደ ሕጉ ሽጉጤን መኪና ውስጥ ትቼ ገባሁ። ያን ጊዜ ሣጥን አልነበረኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሂሳብ ከፍዬ ስወጣ የጎን መስኮቱ ረግፏል። የመስታወቱ ፍርፋሪ ወንበሩ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ፣ የልጄ ጃኬት ላይ ተበትኗል። መሳቢያው ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ፖሊስ መጥቶ የመለያ ቁጥሩን መዘገበ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያ ሽጉጥ አሁን በማን እጅ ነው፣ ምን ተሠራበት እያልኩ የማድርበት ሌሊት አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ታጥቄ ሄጄ ምልክት ካየሁ መኪናዬን አዙሬ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ባለቤቱን ተቀይሜ አይደለም። ያንን መስታወት ሁለተኛ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ባለሽጉጥ የለም ማለት ይቻላል። ጥቅምት 16 ቀን 1991 ኪሊን ከተማ ውስጥ ሉቢስ የሚባል ካፌቴሪያ በምሳ ሰዓት ሞልቶ ነበር። አንድ ሰው ፒክአፑን በመስታወቱ ጥሶ ገባና መተኮስ ጀመረ። 23 ሰው ገደለ። እዚያ ከወላጆቿ ጋር ምሳ እየበላች የነበረችው ሱዛና ሃፕ ሽጉጥ ነበራት። በጊዜው ሕጉ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድን ስለሚከለክል መኪናዋ ውስጥ ትታው ነበር የገባችው። እናትም አባትም እዚያው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቶች ፊት እየቀረበች ታሪኳን ተናገረች፤ ቆይታም ለቴክሳስ ምክር ቤት ተመረጠች። በ1995 በያኔው አስተዳዳሪ ጆርጅ ቡሽ ጊዜ የፈቃድ ሕጉ ወጣ። ፈቃዱ ከ1996 ጀምሮ መሰጠት ጀመረ። የ30.06 ሰሌዳ የመጣው ወዲያው በ1997 ነው። በየበሩ የሚለጠፈው ሁሉ ግራ ስላጋባ፣ ሕጉ ቃሉን ራሱ ወሰነ።

«መኪና ውስጥ ተወው» የሚለው ቃል ለእነዚህ ሰዎች ለምን እንደሚከብዳቸው አሁን ይገባሻል ብዬ አስባለሁ። ሽጉጧ ያን ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ አብሯት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለውን እኔ በእርግጠኝነት አልናገርም። የሱዛና ሃፕ ሐዘን ግን እውነት ነው፤ በሰው ልብ ውስጥም ይሠራል።

አራተኛው «ካላመንሽኝ» የሚለው ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ለዚያች ካርድ አሻራውን ሰጥቷል፤ የወንጀል መዝገቡ ተጣርቷል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ተቀምጧል፤ 50 ጥይት ተኩሶ ፈተና አልፏል። ከ2021 በኋላ ፈቃድ ግዴታ ባይሆንም ብዙዎቹ አሁንም እየከፈሉ ያወጡታል። ታዲያ ይህን ሁሉ አድርጎ መጥቶ በር ላይ ቀይ መስመር ሲያይ፣ ከዚያ ሰካራም ጋር እንደተደመረ ይሰማዋል።

አዲስ አበባ ባንክ ወይም ሆቴል በር ላይ «የጦር መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ስናይ ማናችንም አንቀየምም። ለምን? እዚያ ፈታሽ አለ። ቦርሳው ይከፈታል፣ ኪስ ይዳሰሳል፤ ሁሉም እኩል ይፈተሻል። ክልከላው በእውነት ይሠራል። ያንቺ በር ላይ ግን ፈታሽ የለም። ተለጣፊው የሚሠራው በሚያነበው ሰው ሐቀኝነት ብቻ ነው። ሐቀኛው ይመለሳል። ሌላው ያልፋል። ስሜቱ ከዚህ ይመጣል።

የሕገ መንግሥቱ ጥያቄ አጭር መልስ ነው ያለው። የሚሉሽ ስህተት ነው። መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ ያንቺን ምግብ ቤት አይደለም። ሰኔ 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ጉዳይ ከቤት ውጭ መታጠቅ መብት ነው ብሎ ፈርዷል። እሱም ቢሆን የግል ንግድ ቤት ባለቤትን አስገድዶ በር አያስከፍትም። ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በመጣበት አገር መከልከል አትችይም። ሽጉጥ መታጠቅ ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እነሱም በበኩላቸው ወዳልፈለጉት ቤት ያለመሄድ ሙሉ መብት አላቸው። ስለዚህ ሾፌሩም አላጠፋም፤ አንቺም አላጠፋሽም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል። ኔቫዳ ውስጥ የግል ንግድ ቤት ሰሌዳ ብቻውን ወንጀል አይፈጥርም፤ ውጣ ተብሎ እምቢ ካለ ነው ጥፋቱ። ሚኒሶታ ውስጥ ውጣ ተብሎ እምቢ ያለ ባለፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀጣው ከ25 ዶላር አይበልጥም። ቨርጂኒያ ደግሞ መጠጥ በሚሸጥ ምግብ ቤት ሽጉጡን ሸፍኖ የገባ ባለፈቃድ አንድ ብርጭቆ እንኳ መጠጣት አይችልም። ሃዋይ በ2023 ነገሩን ገልብጣ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ክልክል ነው የሚል ሕግ አወጣች፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቨርጂኒያ ያለችው እህትሽ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለው የአጎትሽ ልጅ የሚነግሩሽ ለነሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጋርላንድ ላይ ግን አይሠራም።

ትልልቆቹ ድርጅቶች እንዴት አደረጉት? ከነሱ የምትማሪው አለ። ስታርባክስ ለብዙ ጊዜ በየግዛቱ ሕግ እንመራለን ብሎ ዝም አለ። የካቲት 14 ቀን 2012 የጠመንጃ ቁጥጥር ደጋፊዎች አትሂዱ ብለው ሲያድሙበት፣ ባለሽጉጦቹ በተቃራኒው ጎርፈው ሄዱ። ለሁለተኛው ማሻሻያ ምልክት ብለው በሁለት ዶላር ኖት ቡና ገዙ። ካፌው የሁለት ወገን መድረክ ሆነ። በመስከረም 2013 የስታርባክስ ዋና ኃላፊ ሃዋርድ ሹልትዝ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ እባካችሁ ሽጉጥ ይዛችሁ አትምጡ ብሎ ጠየቀ። ክልከላ አላደረገውም። አንደኛው ምክንያቱ ሠራተኞቹ ከታጠቀ ሰው ጋር እንዲጋፈጡ አለመፈለጉ ነው። ይህን ምክንያት አንቺም ያዢው።

የቴክሳሱ ዋታበርገር በ2015 በግልጽ የሚታይ ሽጉጥ አንፈልግም አለ፤ በልብስ ሥር ያለውን ግን አልከለከለም። ዎልማርት ነሐሴ 3 ቀን 2019 ኤል ፓሶ መደብሩ ውስጥ 23 ሰው ሕይወቱን ያጣበት ተኩስ ከደረሰ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ሽጉጣችሁን እያሳያችሁ አትግቡ ብሎ ጠየቀ፤ ፈቃድ ኖሮት ሸፍኖ የሚገባውን አልነካም። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው። ሌላውን ደንበኛ የሚያስደነግጠው የሚታየው ሽጉጥ ነው።

ደንበኛ ቢቀር ምን ያህል ይጎዳሻል የሚለው የሚወሰነው ደንበኛሽ ማን እንደሆነ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው ሽጉጥ ፋብሪካ በ2000 ከክሊንተን መንግሥት ጋር ስምምነት ሲፈርም ባለሽጉጦቹ አደሙበት። እንግሊዛዊው ባለቤቱ በ1987 በ112.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን ድርጅት በ2001 በ15 ሚሊዮን ሸጦት ወጣ። ያ የሆነው ገዢዎቹ በሙሉ ባለሽጉጥ ስለነበሩ ነው። ቡና የሚሸጥ ድርጅት ግን እንዲህ አይጎዳም። አንቺ ከሁለቱ መካከል ነሽ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከነልጆቹ የሚመጣው ቤተሰብ ሰሌዳሽን ወዶት ሊሆን ይችላል። ኡበር የሚነዳው ደግሞ ድርጅቱ ከ2015 ጀምሮ ሾፌርም ተሳፋሪም እንዳይታጠቅ ስለከለከለ፣ በሥራ ሰዓት ባዶ እጁን ነው። የምሳ ደንበኞችሽ ግን ጥሬ ገንዘብ የሚይዙ፣ ሌሊት ብቻቸውን የሚሠሩ ከሆኑ፣ ከመካከላቸው የታጠቀው ጥቂት አይሆንም።

ታዲያ ምን ላድርግ ላልሽው የኔን ልንገርሽ።

ተለጣፊውን አንሺው። ሕጋዊ ጉልበት የሌለውን ነገር በር ላይ አትተዪ። ባለፈቃዱን በሕግ ሳያስገድድ ቅሬታ ብቻ ያመጣብሻል። በምትኩ የ30.07ን ሰሌዳ ልክ በሕጉ ቃል አሠርተሽ በእያንዳንዱ መግቢያ ስቀዪ። ከፓርኪንግ በኩል ያለችውን የጎን በር አትርሺ። የሐበሻ ቤት በር ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የኮንሰርት ፖስተር፣ የገንዘብ መላኪያ ማስታወቂያ፣ የዕድር ስብሰባ ጥሪ ይደራረብበታል። ፖስተር የሸፈነው ሰሌዳ እንዳልተለጠፈ ይቆጠራል። ፈቃድ ሳይኖረው የሚታጠቀውም እንዳይገባ ከፈለግሽ የ30.05ን ጨምሪ። እንዲህ ካደረግሽ ሾፌሩ ሽጉጡን ሸፍኖ፣ ፈቃዱን ይዞ ገብቶ ምሳውን ይበላል። ቅዳሜ ማታ ወገቡን እየገለጠ የሚጎማለለው ግን ቦታ የለውም።

ማታውን ለይተሽ እዪው። መጀመሪያ የመጠጥ ሂሳብሽን ተመልከቺ። ከገቢሽ 51 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚመጣው እዚያው ከሚጠጣ መጠጥ ከሆነ፣ ግዛቱ ራሱ ሽጉጥ ይከለክላል። ቀዩን «51 በመቶ» የሚል ሰሌዳ መስቀልም ግዴታሽ ይሆናል። ምግብሽ ስለሚበልጥ እዚያ የምትደርሺ አይመስለኝም። ካልደረስሽ፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ሲኖር ብቻ የ30.06ን ሰሌዳ በቋሚ ማቆሚያ ላይ በር ላይ ማውጣት ትችያለሽ። ሕጉ ሰሌዳው ሃያ አራት ሰዓት ይቁም አይልም። ሰሌዳው ሳይወጣ ቀድሞ የገባውን ሰው ግን አያስገድድም፤ ለእሱ በቃል መንገር ያስፈልጋል። ይህችን ነገር ከጠበቃሽ ጋር ጨርሺ። እኔ ግን ሽጉጥና መጠጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ አልወድም። ይህን ለተማሪዎቼም እነግራለሁ፦ ልትጠጣ ከሄድክ ሽጉጥህን ቤትህ ቆልፈህ ውጣ።

ሾፌሩን ደውለሽ አናግሪው። ስለ ሕግ አትከራከሪው። ያን ቅዳሜ ምን እንደሆነ ንገሪው፤ ምናልባት አልሰማ ይሆናል። «አንተን አስቤ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው» በይው። ከዚያ አዲሱን ውሳኔሽን ንገሪው። የሐበሻ ወንድ እንዲህ ተብሎ ተጠርቶ የሚቀር ብዙ አላውቅም። ቢቀርም ግን በር ላይ ከተጻፈው ይልቅ ካንቺ አፍ መስማቱ ይሻላል።

ኢንሹራንስሽንም ጠይቂ። አንዳንድ ውል ስለ መሣሪያ የሚለው ነገር ይኖረዋል። ባለቤቱ ሰሌዳ ስለለጠፈ ወይም ስላልለጠፈ ምን ኃላፊነት ይመጣበታል የሚለው በውልሽ ላይ የሚታይ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከኔ ይልቅ ወኪልሽ ይመልስልሽ።

እና አንድ ነገር ቀርቷል። በጥያቄሽ ውስጥ ያንቺ ፍርሃት አለ፤ የሾፌሩ ቅሬታ አለ። ያን ቅዳሜ ማታ ትሪ ይዘው በሁለቱ ሰዎች መካከል ቆመው የነበሩት አስተናጋጆችሽ ግን የሉም። ሰሌዳ ብትሰቅዪ «ይውጡልን» የምትለዋ ከነሱ አንዷ ናት። ባትሰቅዪም እዚያው የምትቆመው እሷው ናት። ሰሌዳውን ከማሠራትሽ በፊት ቤቱ ሲዘጋ አንድ ማታ ቡና አፍልተሽ አስቀምጫቸው። ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው፣ ምን ቢደረግ ቀለል እንደሚላቸው ጠይቂያቸው። እኔ ከነገርኩሽ የተለየ ነገር ካሉሽ የነሱን ስሚ።